የተጎነደለ ቡና በቶርኖ ላይ

በወለጋ የቡና ለቀማ ካበቃ በኋላ ያረጀና ምርቱ የቀነሰ ቡና ይጎነደላል። ግንዱ ከመሬት 30 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ተብሎ በሰያፍ ይቆረጣል፤ ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ ይወጣል፤ ገበሬውም አንድ ሁለት ዓመት ታግሦ እንደገና ይለቅማል። የተቆረጠው ግንድ ከጊምቢ እስከ ደምቢ ዶሎ መጨረሻው ምድጃ ነው። ለሳንቃም ለምሰሶም አይበቃም፤ ወፍራም የተባለው የሰው ክንድ ቢያክል ነው። እንጨቱ ግን ጠጣር ነው፤ ክሩ ደቃቅ፣ መልኩ ወደ ቢጫ ያደላ ነጭ ነው፤ ሲለሰልስ ያበራል። እስክሪብቶ ለመሥራት ጎኑ 2 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 13 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ይበቃል። ይህን ያህል ጥሩ እንጨት በየዓመቱ እየነደደ፣ ነቀምቴ ላይ ለተመራቂ ስጦታ የሚገዛው ከውጭ የመጣ ፕላስቲክ መሆኑ ያስቆጫል።

ይህን ግንድ እስክሪብቶ የሚያደርገው የእንጨት ቶርኖ አሠራሩ ቀላል ነው። እንጨቱ በሁለት ጫፉ ተይዞ ይሽከረከራል፤ ሠራተኛው መሮውን በማረፊያው ብረት ላይ አስደግፎ ያስጠጋል፤ የተነካው ሁሉ ክብ ይሆናል። የአልጋና የጠረጴዛ እግር ላይ የምናየው ቀለበት ቀለበት ያለው ቅርጽ የሚወጣው በዚሁ ነው። ሙያው ጥንታዊ ነው። ግብፅ ውስጥ ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ገደማ በፊት በተሠራው የፔቶሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ አንዱ ገመድ እየሳበ ሲያሽከረክር፣ ሌላው መሮ ይዞ ቅርጽ ሲያወጣ ተቀርጿል። ሞተር ከመምጣቱ በፊት በአውሮፓ በእግር መርገጫና በሚለመጥ እንጨት ይሠራ ነበር። መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ከተማ ይህን ማስታወሱ ጥቅም አለው፤ በእግር የሚረገጥ ቶርኖ ማንኛውም ደህና አናጢ ሊገጣጥመው ይችላል።

ነቀምቴ የአዲስ አበባ፣ የአሶሳ፣ የበደሌና ዓባይን ተሻግሮ ወደ ቡሬ የሚሄደው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት። መንገድ ባለበት ጋራዥ አለ፤ ጋራዥ ባለበትም የብረት ቶርኖ አይርቅም። ጀማሪ መጀመሪያ ማንኳኳት ያለበት ይህን በር ነው ባይ ነኝ። የብረት ቶርኖ ፍጥነቱ ለእንጨት ትንሽ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን እንጨት መሀል ለመሀል በመብሳት ረገድ የሚስተካከለው የለም። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የተማረ ወጣትም ማሽኑን ያውቀዋል፤ እዚያ ሌዝ ይሉታል። የራሴን ልሥራ ለሚል ደግሞ ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ለእስክሪብቶ ይበቃል። በእኛ አገር መብራት ብዙው ሞተር በደቂቃ 1,450 ዙር ያህል ይዞራል፤ ሞተሩ ላይ ያለው ፑሊ ከቶርኖው ፑሊ እጥፍ ሰፊ ቢሆን ዙሩ ወደ 2,900 ይደርሳል። ለእስክሪብቶ የሚፈለገውም ከ2,000 እስከ 3,000 ያለው ነው።

ለመሮው ሦስት ዓይነት ይበቃል፤ ማዕዘኑን ለማንሣት ግማሽ ክብ የሆነው፣ ለማለስለስ አፉ ሰያፍ የሆነው፣ ለመቁረጥ ቀጭኑ። በአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ጥሩ መሮ የሚያወጣ ቀጥቃጭ በየከተማው አለ። ያረጀ ሞረድ ስሎ መሮ ማድረግ ግን ይቅር። ሞረድ እንዳይጎብጥ ተደርጎ የደረቀ ብረት ነው፤ የሚሽከረከር እንጨት ሲመታው ተሰብሮ ፊት ላይ ሊፈናጠር ይችላል።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ቶርኖው ላይ ሳይሆን ከዚያ ወራት ቀድሞ፣ እንጨቱ ሲደርቅ ነው። የቡና ግንድ እርጥብ ሆኖ ሙሉውን ከተቀመጠ ይሰነጠቃል፤ ምክንያቱም እንጨት ሲደርቅ በዙሪያው የሚኮማተረው ወደ መሀሉ ከሚኮማተረው ይበልጣል፣ ውጥረቱም መፈንጃ ይፈልጋል። ስለዚህ ግንዱ እንደተቆረጠ ልቡ ላይ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ልቡ ይወገዳል፤ ከሁለቱ ግማሾች ቁራጮች ይወጣሉ፤ የቁራጮቹ ሁለት ጫፍ በቀለጠ ሰም ይነከራል። ውሃ ከጎን ይልቅ በጫፍ ቶሎ ስለሚወጣ ሰሙ ያዘገየዋል። ጥሩነቱ፣ ጉንደላው በበጋ ይውላል፤ የነቀምቴ ክረምት ረጅምና ዝናባም ስለሆነ በሐምሌ የተቆረጠ እንጨት ከመድረቁ በፊት ይሻግታል። ቁራጮቹ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ውስጥ ወራት ይቆያሉ። መድረቃቸው የሚታወቀው በሚዛን ነው፤ በየሳምንቱ ተመዝኖ ክብደቱ መቀነስ ካቆመ ደርቋል። መዳሰስና መገመት አያዋጣም። በተለይ ለመሸጥ ለሚያስብ ሰው ይህ ዋና ነገር ነው፤ ያልደረቀ እንጨት ውስጡ በገባው የነሐስ ቱቦ ላይ ተኮማትሮ ገዢው ኪስ ውስጥ ይሰነጠቃል።

ከቡና ሌላ ወይራ ግሩም ነው፤ ጥቁርና ቡናማ መስመሩ በትንሽ ቁራጭ ላይ እንኳ ይታያል። ዋንዛ ለስላሳና ለእጅ የሚታዘዝ ስለሆነ ለመለማመጃ ይሻላል። ለእስክሪብቶ ብሎ ዛፍ የሚቆርጥ ግን ሙያው አልገባውም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጽድንና ኮሶን ስማቸውን ጠርቶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ አዋጁ በ1999 ዓ.ም.፣ ከዚያም በ2010 ዓ.ም. በሌላ ቢተካም የአገር በቀል ዛፍ ነገር ዛሬም ጥንቃቄ ይሻል። ደግሞስ ለምን? አናጢ ቤት ወለል ላይ የወደቀው ቁርጥራጭ ለዓመት ይበቃል። የበሬ ቀንድም ይሆናል፤ ዋንጫ የሚሠራው ከባዶው ወገን ነው፣ ለእስክሪብቶ የሚሆነው ድፍኑ ጫፍ ነው። ሲቀረጽ ሽታው አይጣል፤ ከቤት ውጭ ይሠራ።

አሁን ስለ ውስጡ። በሌላው ዓለም የእስክሪብቶ ሥራ የሚጀመረው ተዘጋጅቶ በሚሸጥ ዕቃ ነው፤ ሁለት 7 ሚሊ ሜትር የነሐስ ቱቦ፣ ጫፍ፣ መሀል ቀለበት፣ ማንጠልጠያ፣ ሲጠመዘዝ ቀለሙን የሚያወጣ ማሽን። ይህ ከውጭ መምጣት አለበት፤ ከመጣ በኋላም ቀለሙ ሲያልቅ ነጆ ወይም ሻምቡ ያለ ሱቅ ተተኪውን ላያገኝ ይችላል። እኔ ብጠየቅ በተራው እስክሪብቶ እንዲጀመር እመክራለሁ። በየሱቁ ያለው ባለ ስድስት ማዕዘን ቢክ ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ነው፤ ቀለም ያለበትን ቀጭን ቱቦ ሳቡና አውጡት፣ ጫፉንና ወገቡን በካሊፐር ለኩት፣ እንጨቱን በዚያ ልክ ብሱት። እንዲህ የተሠራው ክዳንና ጠምዛዥ የለውም፤ ይጽፋል ግን። ቀለሙ ሲያልቅም ተተኪው የትም ይገኛል። በዚህ መንገድ አንድ ደርዘን ያበላሸ ሰው የከሰረው ማገዶ ነው፤ ከዚያ በኋላ የነሐሱን ዕቃ ቢያዝዝ ያምርበታል።

መብሳቱ ትዕግሥት ይፈልጋል። ረጅም መሰርሰሪያ በቀጭን እንጨት ውስጥ ሲገባ ክሩን ተከትሎ ይታጠፋል፤ በአንድ ወገን መሀል ገብቶ በሌላው ጎን ይወጣል። መድኃኒቱ መሰርሰሪያውን መሳል፣ ዙሩን በደቂቃ ወደ 500 ማውረድ፣ በየአንድ ሴንቲ ሜትሩ አውጥቶ ዱቄቱን ማራገፍ ነው። ዱቄቱ ከታጨቀ ይሞቃል፣ ሙቀቱም እንጨቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ቁራጩን ከሚፈለገው ርዝመት ትንሽ አስረዝሞ በስቶ መጨረሻውን መቁረጥም ይረዳል፤ መሰርሰሪያው ሲወጣ የሚቦጭቀው ጫፍ ይጣላል። የነሐስ ቱቦ የሚገባ ከሆነ ገጹ በብርጭቆ ወረቀት ይሻከርና በኤፖክሲ ይጣበቃል፤ አንጸባራቂ ነሐስ ኮላ አይዝም።

ቅርጹ ቶርኖ ላይ የሚወጣበት ጊዜ ከሁሉ አጭሩ ነው፤ የለመደ እጅ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። እንጨቱ በቀጭን ዘንግ ላይ ይሰካል፤ በሁለት ጫፉ ልኬት የሚያሳዩ የብረት ቡሾች ይገባሉ፤ መሮው እስከ ቡሾቹ ወርዶ ይቆማል። በደንብ የተሳለ መሮ ረጅም ጥቅል ፍቅፋቂ ያወጣል፤ ዱቄት ካወጣ ደንዟል ማለት ነው። ቀጥሎ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከቁጥር 150 እስከ 600 አንድም ሳይዘለል። በመጨረሻ ማሽኑ ቆሞ በእንጨቱ ርዝመት ይታሻል፤ የዙሪያው ጭረት የሚጠፋው እንዲህ ብቻ ነው።

ለማስጌጫ ወለጋ የማር አገር ስለሆነ ሩቅ መሄድ አያሻም። ጠጅ ከሚጠምቁ ቤቶች ሰፈፍ ተገኝቶ ይቀልጣል፣ በጨርቅ ይጣራል፣ ከተልባ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ እንጨቱ እየዞረ ይቀባል። ውበቱ ልዩ ነው፤ በእጅ ላብ ግን ቶሎ ይደበዝዛል፣ በየጊዜው መታደስ አለበት። በሱፐር ግሉ ሸርተት ሸርተት እያደረጉ መቀባት ዕድሜ ይሰጣል፤ ግን መልኩ ወደ ፕላስቲክ ያደላልና አልወደውም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ከተጣለ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ተዘርግቶ ይድረቅ።

ቶርኖ አጠገብ ጋቢ፣ ነጠላ፣ ሰፊ እጅጌና የተለቀቀ ፀጉር አይቀርብም። ጓንትም እንዲሁ፤ ይጠብቃል ተብሎ የሚጠለቀው ጓንት ተይዞ ጣት ይዞ ይገባል። መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ ግን ግድ ነው።

የነሐሱን ዕቃ ለመግጠም ሞርሳ ይበቃል፤ መንጋጋው ላይ እንጨት ተደርጎ ቀስ እያለ ይጫናል። ጠምዛዡ ማሽን ከልኩ በላይ ከገባ መልሶ አይወጣምና፣ በየጥቂቱ ቀለሙን አስገብቶ ጫፉ ምን ያህል ብቅ እንዳለ ማየት ነው።

ገዢውስ? ነቀምቴ ለብዕር ባዳ አይደለችም። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ የመለሰው ኦነሲሞስ ነሲብ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያስተማረው እዚህ ነው። ዛሬ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ከነቀምቴ ሌላ በጊምቢና በሻምቡ ግቢ አለው፤ የምረቃ ሰሞን ስጦታ ፈላጊው ብዙ ነው። ቡና ላኪዎችም ለእንግዳ የሚሰጡት ነገር ይፈልጋሉ፤ በዓለም ገበያ «ለቀምቲ» የሚባለውን ቡና ለሚገዛ ሰው፣ ከዚያው ከተጎነደለው ግንድ የወጣ እስክሪብቶ ከቀን መቁጠሪያ ይሻለዋል። የሚሠራ ሰው ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ግንዱ የተቆረጠበትን ቀበሌና ወር በእርሳስ ይጻፍ፤ ሲደርቅ ሁሉም ይመሳሰላል።