የጸሎት ቋንቋ መድረክ ላይ ሲወጣ

ቁርኣንን በቃሉ የያዘ ልጅ ገበያ ወጥቶ በዓረብኛ ዋጋ መከራከር ይችላል? ቋንቋው የአፍ መፍቻው ካልሆነ፣ ብዙ ጊዜ አይችልም። ዳዊት የሚደግም ሁሉ በግዕዝ ወሬ አያወራም አይደል?

ናይጄሪያ ውስጥ ኢሎሪን የምትባል ከተማ አለች። አብዛኛው ነዋሪ የሚናገረው ዮሩባ ነው፤ ዓረብኛ የገባው ከእስልምና ጋር ነው። ለረጅም ዘመንም በዋናነት የጸሎት፣ የትምህርትና የግጥም ቋንቋ ሆኖ ቆየ።

ተውኔት ሲመጣ ግን ሌላ ሥራ ተጨመረለት። ተውኔት ላይ ሰው ይጣላል፣ ይቀልዳል፣ ይለማመጣል። የመድረሳ ተማሪዎች በምረቃ ቀን በዓረብኛ ድራማ ሲሠሩ፣ በንባብ የሚያውቁትን ቋንቋ መነጋገሪያ ያደርጉታል።

ነገሩ ከቋንቋ ልምምድም ያልፋል። የኢሎሪን ዩኒቨርሲቲው ምሁር ዘከሪያ ኦሴኒ እ.ኤ.አ. በ1994 «አል-ዐሚድ አል-ሙበጀል» (የተከበሩት ዲን) የተባለ ተውኔት በዓረብኛ አሳትመዋል። ጉዳዩ የሩቅ አገር ታሪክ ሳይሆን እዚያው ናይጄሪያ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ብልሹ አሠራር ነው።

ዋጋም አለው ታዲያ። እንዲህ ያለውን ተውኔት ካይሮ ያለ አንባቢ ይረዳዋል፤ ዓረብኛ የማያውቀው የኢሎሪን ጎረቤት ግን ቀልዱ ያመልጠዋል። እናንተ ብትሆኑ ለማን ትጽፉ ነበር?