«ቁራኛዬ» በስንት ዓይነት ፊደል ይጻፋል?

ሐሙስ ማታ ከዒሻ ሶላት በኋላ ስልኬ ዕረፍት የለውም። ሳዑዲ ውስጥ ዓርብና ቅዳሜ ዕረፍት ስለሆነ ሰው ተንፈስ የሚለው ሐሙስ ማታ ነው። እኔ ጅዳ ተቀምጬ የምሠራው የፊልም ሰብታይትል ነው፤ ከዐረብኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ ዐረብኛ፣ ዕድል ሲገጥመኝ ደግሞ ወደ አማርኛ። ሥራዬ ምን እንደሆነ በደንብ የማያውቁት የሀገሬ ልጆችም ቀኑን ሙሉ ፊልም ሳይ እንደምውል ያውቃሉ። ስለዚህ «ምን እንይ?» የሚለው ጥያቄ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል።

ባለፈው ሐሙስ ከመካ አንድ ቮይስ ደረሰኝ። ዐዚዚያ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ የደሴ ልጅ ናት። «ጋሼ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጆቹን አስተኝቼ ስልኬን ከፈትኩ። ወደ ታች ስገፋ፣ ስገፋ አንድ ሰዓት አለፈ። ሁሉም ያየሁትን ይመስላል። ምንም ሳላይ ተኛሁ።» ቮይሱን ሁለቴ ሰማሁት። ይቺ ልጅ ከንጋት ጀምራ ቆማ ነው የምትውለው። የራሴ የምትለው ጊዜ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት እስከ ስድስት ተኩል ያለው ብቻ ነው። እሱኑ ነው የተበላችው።

ጥፋቱ የእሷ አይደለም። በ2015 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ሁለት የኔትፍሊክስ ባለሙያዎች ስለ አሠራራቸው አንድ ጽሑፍ አሳትመው ነበር። ተመልካች የሚያየውን ሲመርጥ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ካለፈ ይሰለቻል ይላሉ። በዚያች ጊዜ ከ10 እስከ 20 ርእስ በዓይኑ ያልፋል፤ ልብ ብሎ የሚያየው ግን ሦስቱን ያህል ነው። ሰው ከሚያየው ሰዓት 80 በመቶው ማሽኑ መርጦ ያቀረበለት ሲሆን፣ ራሱ ጽፎ ፈልጎ ያገኘው 20 በመቶው ብቻ ነበር። ማሽኑ ደግሞ የሚነሣው ትናንት ካየነው ነው። የቱርክ ድራማ ላየ የቱርክ ድራማ ይደረደርለታል። ፎቶው ሳይቀር ይለያያል፤ ያው አንድ ፊልም ፍቅር ለሚወደው በፍቅረኞቹ ምስል፣ ሳቅ ለሚወደው በኮሜዲያኑ ምስል ይቀርባል። «ሁሉም ያየሁትን ይመስላል» ስትለኝ እውነቷን ነው፤ እንዲመስላት ተደርጎ ነው የተደረደረላት።

ስለዚህ የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ ወደዚያች 20 በመቶ እንዲገባ ነው የምለምነው። መግቢያዋ ስም ነው። ስም ያልያዘ ሰው መደርደሪያው የሰጠውን ይዞ ይመለሳል።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል እኛ ዘንድ። እኔ በምሠራበት ዓለም ስም የሚያወጣው ቅጽ የሚሞላ ሰው ነው። አንድ ፊልም ወደ ስትሪሚንግ ሲገባ ከምስሉና ከድምፁ ጋር ቅጽ ይገባል፤ የፊልሙ ርእስ፣ የእንግሊዝኛ ርእሱ፣ ዳይሬክተሩ፣ ተዋንያኑ፣ ቋንቋው፣ ሁለት መስመር ታሪኩ። የመፈለጊያው ሳጥን የሚያነበው ይህን ቅጽ እንጂ ፊልሙን አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ወጣት አጭር ፊልም ሰብታይትል ሠርቼ ነበር። እኔ ርእሱን በአንድ አጻጻፍ ጻፍኩት፣ ያስገባው ድርጅት በሌላ። የልጁ እናት ወር ሙሉ ፈልጋ አጣችው፤ ፊልሙ ግን እዚያው ነበር። «ልጄ የዋሸኝ መሰለኝ» ያለችኝን እስካሁን አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ ፋይል ሳስረክብ ርእሱ ሊጻፍ የሚችልበትን አጻጻፍ ሁሉ ዘርዝሬ አያይዛለሁ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አይከፍለኝም፤ ግን ካላደረግሁት እንቅልፍ አይወስደኝም።

የእኛ የአማርኛ ፊልሞች በዚህ በኩል ብዙ ተጎድተዋል። የሞገስ ታፈሰን «ቁራኛዬ»ን ውሰዱ፤ የ2019 ፊልም ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የነበረች ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ የቅኔ ተማሪና አንድ ባለጸጋ ተቆራኝተው ወደ ችሎት ይጓዛሉ። ቁራኛ ምን እንደነበር አያቶቻችን ያውቁታል። ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪያገኙ ድረስ በልብሳቸው ጫፍ ወይም በሰንሰለት ይታሰራሉ፤ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ አንዱ ሲያስለው ሌላው ይነቃል። አሁን ይህን ስም በላቲን ፊደል ጻፉት። «ቁ» በኬ ነው በኪው? «ኛ» በጂና በኤን ነው፣ በኤንና በዋይ ነው ወይስ አናቱ ላይ ሞገድ ባለው ኤን? መጨረሻው «ዬ» ላይስ ዋይ አለ ወይስ የለም? ወረቀት ላይ ቆጥሬ ከአሥር በላይ አጻጻፍ አግኝቻለሁ። የእንግሊዝኛ ርእሱ «ኢንቼይንድ» ነው፣ በሰንሰለት የታሰረ እንደማለት። ክፉ ትርጉም አይደለም፤ እኔም ብሆን የተሻለ አላገኝለትም ነበር። ግን ሰንሰለቱን እንጂ ያቺን «ዬ» አይዝም። «ቁራኛዬ» የሚል ሰው የታሰረበትን ሰው የራሱ አድርጎ እየጠራው ነው፤ የፊልሙም ነፍስ ያለችው እዚያ ነው። ፊልሙን በኢንተርኔት ለዓለም ያቀረበው ሐበሻቪው የተባለው የኢትዮጵያውያን ስትሪሚንግ ነው፤ ኔትፍሊክስ ላይ ብቻ የሚያስስ ሰው አይደርስበትም።

የኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ»ም እንዲሁ ነው። በ1993 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍለው አጥቶ ኃይሌ ራሱ አዳራሽ እየተከራየ ነበር ያሳየው። የአሜሪካዊቷ ዳይሬክተር የኤቫ ዱቨርኔ ድርጅት አሬይ ታድሶ እንዲወጣ አድርጎት ኔትፍሊክስ ላይ የገባው በመስከረም 2021 ነው፤ ከ28 ዓመት በኋላ። ኢትዮጵያዊ የሠራው መሆኑን መደርደሪያው አይነግርህም። «ኃይሌ ገሪማ» ብሎ የጻፈ ግን ያገኘዋል። ስለዚህ ከተዋናይ ይልቅ የዳይሬክተር ስም ያዙ እላለሁ፤ ተዋናይ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ነው፣ ዳይሬክተር ግን ዓይኑን ይዞ ነው የሚዞረው።

አሁን ደግሞ ወደምንኖርበት ከተማ ልምጣ፤ ይህ የሚያንገበግበኝ ነገር ነው። ጅዳ ውስጥ ዐሥርና ሃያ ዓመት የኖሩ ወገኖቼ የጅዳን ፊልም አያውቁም። ሀገሩ ውስጥ ሲኒማ ቤት ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ተዘግቶ የተከፈተው በሚያዝያ 2018 ሪያድ ላይ ነው፤ ጅዳ የደረሰው በጥር 2019። በመሀሉ ያደጉት የጅዳ ወጣቶች ካሜራቸውን ይዘው ዩቲዩብ ላይ ወጡ። «ተኪ» የተባለው ተከታታይ ድራማ በ2012 እዚያ ተጀምሮ ነው በኋላ ኔትፍሊክስ የደረሰው። የፋሪስ ቁዱስ «ሸምስ አል መዓሪፍ» (2020) ደግሞ ይህንኑ ዘመን ያሳያል፤ የመጨረሻ ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ትምህርቱን ረስቶ አስፈሪ ፊልም ልሥራ ብሎ ይነሣል። እሱንም በላቲን ስትፈልጉት ያው የፊደል ጣጣ አለ፤ «ዐይን» የምትባለውን የዐረብኛ ፊደል አንዱ በጭረት ይጽፋታል፣ ሌላው ይዘላታል። በዐረብኛ ፊደል ጻፉት፣ ይወጣል። ብዙዎቻችን ዐረብኛውን እንናገራለን እንጂ ስልካችን ላይ የዐረብኛ ኪቦርድ አልጫንንም። ጫኑት።

ከሁሉም የምወደው የማሕሙድ ሰባግ «በረካ ዩቃቢሉ በረካ» ነው፤ በ2016 በርሊን ላይ ታየ፣ ቀጥሎም ኔትፍሊክስ ገባ። ወንዱ በረካ የበለዲያ፣ የማዘጋጃ ቤት ማለት ነው፣ ተቆጣጣሪ ነው። በለዲያን የማያውቅ የጅዳ ሐበሻ የለም፤ ዕቃችንን ጠቅልለን የምንሮጠው እሱ ሲመጣ ነው። ፊልሙ ግን ያንን ሰው ቤቱ ድረስ ተከትሎ ብቸኝነቱን ያሳየናል። ሴቷም በረካ ናት፤ ተዋደዱ፣ ግን በዚህ ሁሉ ሰፊ ከተማ ውስጥ ቁጭ ብለው የሚያወሩበት ቦታ አጡ። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ማግስቱን ጧት በባሕር ዳርቻው ኮርኒሽ ላይ ስሄድ አግዳሚ ወንበሮቹን በሌላ ዓይን ነበር የማያቸው። ማሕሙድ ሰባግ በኋላ የቀይ ባሕር ፊልም ፌስቲቫል የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኖ ነበር። በመጋቢት 2020 ሊደረግ የነበረው ፌስቲቫል በኮሮና ተሰርዞ የመጀመሪያው የተካሄደው በታኅሣሥ 2021 በአሮጌው የጅዳ ሰፈር በአል በለድ ውስጥ ነው፤ ዩኔስኮ በ2014 በቅርስነት በመዘገባቸው የኮራል ድንጋይ ቤቶች መሀል። የዚያን ፌስቲቫል ካታሎግ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫለሁ። ፌስቲቫል ላይ የታየ ፊልም ስትሪሚንግ ላይ ሲደርስ ዓመት ሁለት ዓመት ይፈጅበታል፤ ያኔ ወሬው በርዶ ማንም አያነሣውም። እኔ የድሮውን ካታሎግ ገልጬ ስም በስም እጽፋለሁ። ያላየነው ጥሩ ነገር የሚገኘው በብዛት እንዲህ ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን አንድ ፊልም ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የኢስማኤል ፈሩኺን «ለ ግራን ቮያዥ» እሰጣችኋለሁ፤ ታላቁ ጉዞ ማለት ነው። በ2004 ቬኒስ ላይ የምርጥ የመጀመሪያ ፊልም ሽልማት አግኝቷል። ደቡብ ፈረንሳይ የሚኖር ሞሮኳዊ አባት ሐጅ ለማድረግ ይነሣል፤ በአውሮፕላን አይደለም፣ በአሮጌ መኪና፣ ፈተናው የደረሰበትን ልጁን ሾፌር አድርጎ። በባልካን፣ በቱርክ፣ በሶርያ፣ በዮርዳኖስ አቋርጠው መካ ይመጣሉ። በሐጅ ወቅት መካ ውስጥ እንዲቀረጽም ተፈቅዶለታል። አባት በሞሮኮ ዐረብኛ ይናገራል፣ ልጅ በፈረንሳይኛ ይመልሳል። መጀመሪያ ያየሁት ቅጂ ሰብታይትሉ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት እንግሊዝኛ ጽፎት ነበርና አባትና ልጅ በአንድ ቋንቋ የሚነጋገሩ ነበር የሚመስሉት። ጆሮዬን ከፍቼ ስሰማ ነው ፊልሙ የተገለጠልኝ። እኔ ብሠራው የልጁን ንግግር በሰያፍ ፊደል አደርገው ነበር። አንድ ሰብታይትል ሁለት መስመር ነው፣ መስመሩ ቢበዛ 42 ፊደል፣ ከሰባት ሰከንድ ያልበለጠ፤ ከዚህ በላይ ቦታ የለኝም። ግን በሰያፍ መጻፍ ቦታ አይወስድም።

ይህ ለምን እንደነካኝ ማንም የጅዳ ሐበሻ ይገባዋል። ቤቴ ውስጥ ለልጄ «እጅሽን ታጠቢ» ስላት «ኸላስ፣ ገሰልት» ትለኛለች። በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ በዐረብኛ ትመልስልኛለች፤ ሁለታችንም ምንም የጎደለ አይመስለንም። ፊልሙን አብረን ያየነው ባለፈው ረመዷን ነው። መሀል ላይ ዞር ብላ አየችኝና «ባባ፣ እንደኛ ናቸው» አለች፣ በአማርኛ። መጨረሻውን አልናገርም፤ ራሳችሁ እዩት።

ለመካዋ እህታችን ግን ይህን ፊልም አልላክሁላትም። ወላጅ አባቷ አፈር ሲለብስ አልደረሰችም፤ ሌሊት ብቻዋን እንድታየው አልፈለግሁም። ፊልም መምረጥ ለማን፣ በስንት ሰዓት የሚለውንም ማሰብ ነው፤ ይህን ማሽኑ አያውቀውም። መጀመሪያ የላክሁላት «ቢላል»ን ነበር፤ ዱባይ ውስጥ ተሠርቶ በ2015 የታየ የአኒሜሽን ፊልም። ስለ እስልምና ታሪክ ከተሠሩት ፊልሞች «አር ሪሳላ»ን ሁላችንም ደጋግመን አይተነዋል። ሙስጠፋ አል ዐቃድ በ1976 በዐረብኛና በእንግሊዝኛ፣ በተለያዩ ተዋንያን ለየብቻ የቀረጸው፣ ሳዑዲ ሲኒማ ቤቶች ግን በ2018 ብቻ የደረሰ ነው። «ቢላል»ን ግን ወገኖቼ ብዙም አያውቁትም፤ የልጆች ነው ብለው ያልፉታል። ከእህቱ ጋር ተወስዶ መካ ውስጥ ባሪያ ሆኖ ያደገውን ልጅ ታሪክ ነው የሚናገረው። የቢላል እናት ሐማማ ሐበሻ ነበረች።

ዓርብ ማታ ቮይስ መጣ። ፊልሙን ብቻዋን አላየችውም፤ የቤቱ ልጆች ከአልጋቸው ወርደው አጠገቧ ተቀምጠው አዩት። «ትልቁ ልጅ፣ ‹ቢላል ከናንተ ሀገር ነው?› አለኝ ጋሼ። ‹እናቱ የኛ ናት› አልኩት። ከዚያ እስኪያልቅ ድረስ ክንዴን ይዞ ነበር የሚያየው።» ትንሽ ዝም አለችና ቀጠለች፤ «አሁን ደግሞ ለራሴ ብቻ የሚሆን፣ በአማርኛ የሆነ ስጠኝ። ስሙን በእንግሊዝኛ ጻፍልኝ።»

የ«ቁራኛዬ»ን ስም በአራት ዓይነት አጻጻፍ፣ የእንግሊዝኛውን ርእስና የዳይሬክተሩን ስም ጨምሬ ላክሁላት። አንዱ እምቢ ካለ ሌላውን ሞክሪ አልኳት። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ መለሰች፤ ድምፅ አልነበረም፣ ጽሑፍ ነው።

«በሦስተኛው ወጣልኝ። አሁን አታናግረኝ ጋሼ፣ ጀምሬዋለሁ።»