በወንድ ብልት ላይ ስለሚወጣው የሄርፒስ ቁስል፤ ሕመሙን ስለ ማስታገስና ቤተሰብን ስለ መጠበቅ

በቀበናና በእንጦጦ ሥር የምትኖሩ እናቶችና አባቶች ሆይ፤

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ራሱን ሲያመው ለሚስቱ የሚነግር ሰው፥ ብልቱ ላይ ቁስል ሲወጣበት ግን አፍሮ ዝም ይላል። በዚህ ዝምታ የሚጎዳው እሱ ብቻ አይደለም፤ ሚስቱና ገና ያልተወለደው ልጁም ጭምር ናቸው።

ሄርፒስ ምንድር ነው?

ሄርፒስ በዓይን በማይታይ ቫይረስ የሚመጣ በሽታ ነው። ቫይረሱ ሁለት ዓይነት ነው። ከንፈር ላይ ወጥቶ «ምች መታኝ» የምንልለት ቁስል ብዙውን ጊዜ የአንደኛው ሥራ ነው፤ በብልት ላይ የሚወጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሁለተኛው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ሁለተኛው ዓይነት ያለባቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ሰዎች 520 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ገምቷል። እንግዲህ ነገሩ እርግማንም መተትም አይደለም።

በመጀመሪያ ቦታው ያሳክካል፥ ያቃጥላል። ከዚያ ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ ሽፍታዎች ይወጡና ፈንድተው ይቆስላሉ። ሽንት ሲሸና ያቃጥላል፤ ትኩሳትና የብሽሽት ንፍፊትም ሊኖር ይችላል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ቁስሉ ይደርቃል፤ ሰውየውም «ዳንኩ» ይላል። ቫይረሱ ግን በወገብ በኩል ባለው የነርቭ ሥር ተኝቶ ይቆያል፤ በሌላ ጊዜም ይነሣል። ለዓመታት ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል፥ ቁስሉ ዛሬ ወጣ ማለት ባል ወይም ሚስት ትናንት ወሰለቱ ማለት አይደለምና በዚህ ቤት አይፍረስ።

ሕመሙን በቤት ማስታገስ

1ኛ/ ንጹሕ ውኃ አፍልቶ ለብ ሲል በአንድ ሊትር ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሮ ቁስሉን ቀስ አድርጎ ማጠብ፤ በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ። የቀበና ወንዝ የከተማ ፍሳሽ የሚገባበት ስለሆነ ቁስል አይታጠብበትም።
2ኛ/ ሰፋ ያለ የጥጥ ሙታንታ መልበስ።
3ኛ/ ውኃ በብዛት መጠጣት፤ ሽንት ሲያቃጥል እየሸኑ ለብ ያለ ውኃ ማፍሰስ።
4ኛ/ ለሕመሙ ፓራሲታሞል መውሰድ። ቫዝሊን በስሱ መቀባትም ያለሰልሳል።
5ኛ/ ቁስሉን ከነኩ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ። ባልታጠበ እጅ ዓይን አይነካ።

ዳማከሴ፥ አመድ ወይም አልኮል ቁስሉ ላይ አይደረግ፤ ያቃጥላል እንጂ አያድንም።

የሐኪም መድኃኒት

አሲክሎቪር የሚባል እንክብል አለ። በሽታውን ነቅሎ አያጠፋም፤ ነገር ግን ሕመሙን ይቀንሳል፥ ቁስሉንም ቶሎ ያደርቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለተያዘ ሰው ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው 400 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ለ10 ቀን ነው። ሲያገረሽ ማሳከክ እንደ ጀመረ፥ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይበልጥ ይጠቅማል። ስለዚህ «እስቲ ልየው» ብሎ ሳምንት መቆየት ጉዳት ነው።

ከጓደኛ ኪኒን ተቀብሎ መዋጥም አይገባም። ቂጥኝም ብልትን ያቆስላል፤ የቂጥኝ ቁስል ግን ብዙ ጊዜ ስለማያም ሰው ይዘነጋዋል። ፔኒሲሊን ቂጥኝን ያድናል፤ ለሄርፒስ ግን ምንም አያደርግም። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ጤና ጣቢያ ነው። ክፍት ቁስል ለኤች አይ ቪ በር ስለሚከፍት የደም ምርመራም ይደረግ። ሽንት እምቢ ያለው ወይም ዓይኑን ያመመው ሰው ሳይውል ሳያድር ይሂድ።

ሚስትንና ሕፃንን መጠበቅ

ማሳከኩ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ቁስሉ ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ ባልና ሚስት አይገናኙ። በሌላውም ጊዜ ኮንዶም አደጋውን ይቀንሳል፤ ቁስል ሳይታይም መተላለፍ ይችላልና። ሚስት እርጉዝ ከሆነች ጥንቃቄው ይበልጥ ይጥበቅ። በመጨረሻዎቹ ወራት አዲስ ከተያዘች በወሊድ ጊዜ ወደ ሕፃኑ ሊተላለፍና ሊገድለው ይችላል። ለእርግዝና ክትትል ስትሄድ «ባለቤቴ እንዲህ ያለ ቁስል አለበት» ብላ ትንገር፤ አዋላጇ የምታደርገውን ታውቃለች። ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበትም ሰው አራስ ሕፃን አይሳም።

እናቶች ሆይ፤ ባላችሁ ወይም ልጃችሁ ደፍሮ ቢነግራችሁ አትቆጡት፤ አብራችሁት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የተነገረ በሽታ ግማሹ ታክሟል።