የግእዝ ፊደልን በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ሳያዛቡ ማጉላት

መግቢያ

በአራት ኪሎ፣ ከቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. በተቋቋመበት ዘመን የፊደል መጠን የሚወሰነው ፊደሉ በብረት ሲቀረጽ ነበር። ጽሑፍን ማጉላት ማለት በሌላ መጠን የተቀረጸ ፊደል አንሥቶ ገጹን እንደ አዲስ መልቀም ማለት ነበር። ዛሬ በዚያው አካባቢ ባሉ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የሚያጠና ተመራማሪ ይህን በአንድ ቁልፍ ይፈጽመዋል። ይሁን እንጂ የማጉያ መንገዶች ሁሉ አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጡም። ይህ ጽሑፍ የትኛው መንገድ የፊደሉንም የገጹንም ቅርጽ እንደሚጠብቅ ያብራራል።

የጉዳዩ ክብደት

በግእዝ ፊደል አናባቢው የሚታወቀው በጥቃቅን ምልክቶች ነው። የ«ሚ» እና የ«ሜ» ልዩነት በእግራቸው ላይ ነው፤ ሣልሱ አጭር ሰረዝ፣ ኃምሱ ደግሞ ትንሽ ቀለበት አለው። ለፊደሉ የተሰጡት ፒክስሎች ጥቂት ከሆኑ ወይም ከደበዘዙ የቀለበቱ ውስጥ ይደፈንና ሁለቱ ይመሳሰላሉ። «ጥሪ» እና «ጥሬ» የሚለዩት በዚህ ምልክት ብቻ ነው። በተራ ንባብ ዐውዱ ስሕተቱን ያርመዋል። በሰው ስም፣ በቦታ መጠሪያ ወይም በብራና መጽሐፍ ልዩ ንባብ ላይ ግን ዐውድ አይረዳም፤ ስለዚህ የተዛባ ስክሪን የተዛባ መረጃ ሊያቀብል ይችላል።

የስክሪን ጥራትን መቀነስ

ብዙ ተጠቃሚዎች ጽሑፍ ሲያንስባቸው የስክሪኑን ጥራት ዝቅ ያደርጋሉ። ጠፍጣፋ ስክሪን ግን ቁጥራቸው የማይለወጥ ፒክስሎች ያሉት መሣሪያ ነው። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን ወደ 1280 በ720 ሲወርድ እያንዳንዱ ነጥብ በ1.5 ፒክስል ላይ መዋል ይኖርበታል። ፒክስል ለሁለት ስለማይከፈል መሣሪያው ክፍተቱን በመካከለኛ ቀለም ይሞላዋል፤ የፊደሉም ጠርዝ ይደበዝዛል። በዚሁ ስክሪን ላይ 1024 በ768 ተመርጦ ምስሉ ሙሉውን ገጽ እንዲሸፍን ከተደረገ ደግሞ ወርዱ 1.875 ጊዜ፣ ቁመቱ 1.406 ጊዜ ያህል ይለጠጣል። ፊደሉ ከተገቢው ወርድ በአንድ ሦስተኛ ይሰፋል ማለት ነው።

ቅርጽን የሚጠብቀው መንገድ

የዘመኑ ፎንቶች እያንዳንዱን ፊደል የሚያስቀምጡት በሒሳብ በተገለጸ የዙሪያ መስመር ነው። ስለዚህ የስክሪኑን ጥራት በተፈጥሯዊ መጠኑ ትቶ በሥርዓተ ክወናው ቅንብር ልኬቱን ወደ 125 ወይም 150 በመቶ ማሳደግ ይሻላል። በ16 ፒክስል ይሣል የነበረው ፊደል በ150 በመቶ በ24 ፒክስል እንደ አዲስ ይሣላል፤ ቀለበቱም የሚታይበት ቦታ ያገኛል። ይህን ቅንብር የማያውቁ አሮጌ ፕሮግራሞች ግን እንደ ምስል ስለሚለጠጡ ይደበዝዛሉ።

በድረ ገጽ ላይ ኃላፊነቱ የአዘጋጁም ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ 2.0 ጽሑፍ ይዘትና አገልግሎት ሳይጎድል እስከ 200 በመቶ መጉላት እንዲችል ይጠይቃል። የ2018ቱ እትም ደግሞ ተራ ጽሑፍ በ320 ፒክስል ወርድ ውስጥ፣ ወደ ጎን መንሸራተት ሳያስፈልግ፣ መነበብ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ይህም 1280 ፒክስል ወርድ ያለው ገጽ በ400 በመቶ ሲጎላ ከሚተርፈው ቦታ ጋር እኩል ነው። የመስመር ቁመት በቁርጥ ፒክስል ከተወሰነ ፊደሉ ሲያድግ መስመሩ አያድግም፤ የላይኛው መስመር እግር ከታችኛው መስመር ራስ ጋር ይደራረባል። በግእዝ ፊደል እግሩ አናባቢውን የሚለይ በመሆኑ ጉዳቱ ከውበት ያልፋል። መፍትሔው የመስመሩን ቁመት ከፊደሉ መጠን ጋር በሚያድግ ንጽጽር መወሰን ነው።

አሮጌ ሰነዶችና የብራና ምስሎች

እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል ከማካተቱ በፊት የተሠሩ ብዙ የአማርኛ ፎንቶች ፊደሎቹን በላቲን ፊደላት የኮድ ቦታ ያስቀምጡ ነበር። በእነዚህ የተጻፈ ሰነድ ጎላ ብሎ እንዲታይ ፎንቱ ሲለወጥ አማርኛው የላቲን ፊደላት ድርድር ይሆናል። ስለዚህ አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ይገባዋል።

የብራና ምስል ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና ጽሑፎች ማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን በፊልም አንሥቷል። ከፊልም ወደ ኮምፒውተር የተገለበጠ ገጽ ፎንት የለውም፤ ዝርዝሩ በተነሣበትና በተገለበጠበት ጊዜ ተወስኗል። ማጉላት ነጥቦቹን ያተልቃል እንጂ አዲስ ዝርዝር አይጨምርም። አንባቢው የወርድና የቁመቱን ንጽጽር ጠብቆ ሲያጎላው አጠራጣሪው ፊደል ካልለየ፣ በተሻለ ጥራት የተገለበጠ ቅጂ ወይም ራሱን ብራናውን መፈለግ አለበት።

ማጠቃለያ

ጽሑፍን ሳያዛቡ ለማጉላት የስክሪኑን ጥራት አለመንካት፣ ልኬቱን በሥርዓተ ክወናው ማሳደግ፣ ሰነድን በዩኒኮድ ማዘጋጀትና መስመሮች ከፊደሉ ጋር እንዲያድጉ ማድረግ ያስፈልጋል። ከምስል የተነበበ ቃል በጥናት ሲጠቀስ ደግሞ ሣልስና ኃምሱ በግልጽ መለየታቸውን ማረጋገጥ የተመራማሪው ድርሻ ነው።