ወደ ተራራው የወጡት ሐኪም

ሰው ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለ የልጆቹ ስም ቢጠፋበት ምን ይባላል? በኮሎምቢያ፣ አንቲዮኪያ በምትባለው ተራራማ ግዛት (ስሟን ያገኘችው ከጥንቷ አንጾኪያ ነው) "ላ ቦቤራ" ይሉታል፤ "ጅልነት" እንደ ማለት ነው። ከወላጅ ወደ ልጅ ስለሚወርድ እርግማን ነው የሚሉም ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1984 ዶክተር ፍራንሲስኮ ሎፔራ በሜዴሊን ከተማ የነርቭ ሕክምና በመማር ላይ ሳሉ፣ በአርባዎቹ ዕድሜ ያለ አንድ ገበሬ መርሳት አስቸግሮት ወደ እርሳቸው መጣ። ሌላ ሐኪም መድኃኒት ጽፎ ይሸኘው ነበር ይሆናል። እርሳቸው ግን ስለ ዘመዶቹ ጠየቁ፤ ሕመሙ በቤተሰቡ እንዳለ ሲሰሙም ወደ መንደሩ ሄዱ። ታጣቂዎችና የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች በሚፈነጩበት በዚያ ዘመን ከባልደረቦቻቸው ጋር ቤት ለቤት እየዞሩ፣ የአብያተ ክርስቲያናትን የጥምቀት መዝገብ እያገላበጡ የትውልድ ሐረጉን እስከ 18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ቆጠሩ። በ1990ዎቹ ምክንያቱ ታወቀ፤ ፕሪሰኒሊን 1 በተባለው ጂን ላይ ያለ አንድ ለውጥ ነበር። በሽታውም አልዛይመር ነው። ከ6,000 ያህል ዘመዳሞች መካከል 1,200 የሚሆኑት ይህን ለውጥ ተሸክመዋል።

እዚህ ላይ ባለትዳሮች ቆም ብለን እናስብ። ከወላጆች አንዱ ተሸካሚ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስና ያለመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ሊያገባ የተዘጋጀ ወጣት ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻለው ይሆን? ለእጮኛውስ ምን ይበላት? ፈዋሽ መድኃኒት ስላልነበረ ተመራማሪዎቹ የምርመራውን ውጤት ለየግለሰቡ ሳይነግሩ ቆዩ። በእኔ ግምት ይህ ርኅራኄ ነበረበት፤ ሸክሙን ግን አላነሳም። በአርባ ዓመቱ ቁልፍ የጠፋበት ሰው ሁሉ "ጀመረኝ እንዴ?" ማለቱ አይቀርም። ሲጀምረውም የምታጎርሰው፣ የምታጥበው ያቺው ሚስቱ ናት።

ከ2013 ጀምሮ ክሬኔዙማብ የተባለ መድኃኒት በሽታውን አስቀድሞ ይከላከል እንደሆነ በእነዚሁ ቤተሰቦች ተሞከረ። በ2022 ይፋ የሆነው ውጤት የተጠበቀው አልነበረም። ተስፋው የመጣው ካልታሰበ አቅጣጫ ነው። ከተሸካሚዎቹ አንዲት ሴት፣ ሌሎቹን በአርባዎቹ የሚይዛቸው ሕመም እስከ ሰባዎቹ ዕድሜዋ ሳይጥላት ቆይታለች። በ2019 እንደታተመው ጥናት፣ ሌላ ብርቅ የጂን ለውጥ ከሁለቱም ወላጆቿ ወርሳለች። በ2024 ደግሞ ይህንኑ ለውጥ ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሱ 27 ዘመዳሞች ሕመሙ አምስት ዓመት ያህል እንደዘገየላቸው ተገለጸ።

ዶክተር ሎፔራ በዚያው ዓመት መስከረም ወር ላይ በ73 ዓመታቸው ዐረፉ። ሴትዮዋ ቀድማቸው በ2020 ስታርፍ፣ ቤተሰቧ አንጎሏን ለምርምሩ ሰጥቷል።