ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር፦ ያገለገለ ስኮፕ ስንገዛ ምን እንመልከት?

የዱር እንስሳትን ለማየት ረጅም መንገድ ተጉዘው የሚመለሱ ቤተሰቦች ብዙውን ጊዜ ወሬያቸው ተመሳሳይ ነው። እንስሳው ታይቷል፤ የታየው ግን ነጥብ አክሎ ነው። አባት በጣቱ ሲጠቁም፣ ልጆች «የታል? የታል?» ሲሉ፣ ቀረብ ብለን እንየው ብለው ጥቂት እርምጃ ሲራመዱ እንስሳው ዘወር ብሎ ይሄዳል። እንደሚታወቀው የዱር እንስሳ በቀረቡት ቁጥር የሚርቅ ፍጥረት ነውና።

ጉዳዩ የተመልካቹ ደስታ መጓደል ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ ነበር። ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ዛሬ የቀሩት አዋቂዎች 500 ያህል ብቻ እንደሆኑ ይገመታል። ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው። ቀበሮው አይጥና ፍልፈል የሚያድነው በቀን በመሆኑ ሰው ሲጠጋው አደኑን አቋርጦ ለመሄድ ይገደዳል። ዋልያም ቢሆን ከሰሜን ተራሮች ሌላ መኖሪያ የለውም። እነዚህን እንስሳት ሳንረብሽ በደንብ ለማየት የምንችለው በያሉበት ትተናቸው በሩቅ ማሳያ መሣሪያ ስንመለከታቸው ነው።

ለዚህ አገልግሎት ከሚውሉት መሣሪያዎች ዋነኛው በሙያው ቋንቋ ስፖቲንግ ስኮፕ ወይም ባጭሩ ስኮፕ የሚባለው ነው። ከታወቁ ፋብሪካዎች የሚወጣ ምርጥ አዲስ ስኮፕ ከ2,000 የአሜሪካን ዶላር በላይ ስለሚያወጣ ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም። ይሁን እንጂ በሚገባ የተያዘ ስኮፕ ለብዙ ዓመታት ስለሚያገለግል ያገለገለውን ባነሰ ዋጋ መግዛት ይቻላል። ችግሩ ደህናውን ከተበላሸው ለይቶ ማወቁ ላይ ነው። በዚህ ጽሑፋችን እርሱን እንመለከታለን።

ስኮፕና ባይኖኩላር

ባይኖኩላር በሁለት ዓይን የሚታይበት፣ በአንገት የሚንጠለጠል መሣሪያ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 እጥፍ ያጎላል። ስኮፕ ግን ባለ አንድ ዓይን ሆኖ ከ20 እስከ 60 እጥፍ የሚያጎላና ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የሚቀመጥ ነው። ልዩነቱን በስሌት ለማየት ያህል፣ 1 ኪሎ ሜትር ርቆ የቆመ እንስሳ በ8 እጥፍ ባይኖኩላር ሲታይ 125 ሜትር ላይ፣ በ20 እጥፍ ስኮፕ 50 ሜትር ላይ፣ በ40 እጥፍ ደግሞ 25 ሜትር ላይ የቆመ ያህል ሆኖ ይታያል።

ይህ ማለት ግን ስኮፕ ባይኖኩላርን ይተካል ማለት አይደለም። ስኮፕ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ጠባብ ቦታ ስለሆነ እንስሳውን ፈልጎ ለማግኘት ያስቸግራል። በመሆኑም በቤቱ ሁለቱም የሌሉት ቤተሰብ በቅድሚያ ባይኖኩላር ቢገዛ ይሻላል እንላለን። በባይኖኩላር ይፈለጋል፤ በስኮፕ ይጠናል።

ቁጥሮቹ ምን ይናገራሉ?

በስኮፑ ላይ «20-60×80» የሚል ጽሑፍ ብናይ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች የማጉላት ኃይሉን ሲያመለክቱ የመጨረሻው የፊት ሌንሱ ስፋት 80 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይገልጻል። ብዙ ገዢዎች የሚታለሉት በመጀመሪያው ቁጥር ነው። የበለጠ የሚያጎላው የበለጠ የሚያሳይ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ ማጉላቱ በጨመረ ቁጥር ምስሉ ይጨልማል፤ የነፋሱም ንቅናቄ አብሮ ይጎላል።

የሌንሱ ስፋት ለማጉላት ኃይሉ ሲካፈል ወደ ዓይናችን የሚገባው የብርሃን ክብ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ይነግረናል። ከላይ የጠቀስነው ስኮፕ በ20 እጥፍ ሲሆን 4 ሚሊ ሜትር፣ በ60 እጥፍ ሲሆን ግን 1.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሰጣል። ንጋትና ምሽት ላይ የዓይናችን ብሌን ስለሚሰፋ ይህ ጠባብ ብርሃን አይበቃውም። እንስሳት በብዛት የሚንቀሳቀሱት ደግሞ በእነዚሁ ሰዓታት ነው። ስለዚህ የፊት ሌንሱ ጠባብ የሆነ፣ ነገር ግን «100 እጥፍ ያጎላል» ተብሎ የሚወደስ ርካሽ ስኮፕ ሲያጋጥመን ማለፉ ይበጃል። ብዙ በእግር ለሚጓዝ ሰው ባለ 60 ወይም 65 ሚሊ ሜትሩ ክብደቱ የሚቻል ሲሆን፣ በመኪና ለሚሄድ ቤተሰብ ባለ 80ው ይመረጣል።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት የሚደረግ ፍተሻ

አንደኛ፣ የሌንሶቹን ገጽታ በብርሃን ፊት እያጋደሉ ማየት። በጥሩ ሁኔታ የተለበጠ ሌንስ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ነጸብራቅ ይሰጣል። የፊት ሌንስ ላይ ያለች ትንሽ ጭረት ብዙ አትጎዳም። የዓይን ሌንስ ላይ ያለ ጭረት ግን ምስሉን ያበላሻል።

ሁለተኛ፣ በእጅ ባትሪ ከአንዱ ጫፍ እያበሩ በሌላው ጫፍ ወደ ውስጥ መመልከት። ጥቂት ብናኝ ቢታይ አያስጨንቅም። የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ከታየ ግን በእርጥበት የተነሳ የበቀለ ፈንገስ ነውና ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ መተው ነው፤ ፈንገስ የሌንሱን ልባጭ ይበላል። ጭጋግ የመሰለ ነገር መታየቱም ውኃ እንዳይገባ የሚከላከለው ማሸጊያ መላላቱን ሊያመለክት ይችላል።

ሦስተኛ፣ የፎከስና የማጉያ ቀለበቶችን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማዞር። ሊላሉም፣ ሊጠጥሩም፣ እንደ አሸዋ ሊንኳኩም አይገባም። ስኮፑን ቀስ ብሎ ሲነቀንቁት የሚንኳኳ ነገር ካለ በውስጡ ያለው ፕሪዝም ከቦታው ተነቅሎ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ ሩቅ ያለ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ወይም አንቴና ከብሩህ ሰማይ ጋር አነጻጽሮ ማየት። በጠርዙ ላይ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ መስመር ጎልቶ ከታየ የሌንሱ ጥራት ዝቅ ያለ ነው። ኢ.ዲ. የሚል ምልክት ያለባቸው ወይም ፍሎራይት ሌንስ የተገጠመላቸው ስኮፖች ይህን ችግር በእጅጉ ይቀንሳሉ፤ ዋጋቸውም በዚያው ልክ ከፍ ይላል። ማታ ከሆነ ወደ ኮከብ ማነጣጠር ይቻላል። ኮከቡ እንደ መርፌ ጫፍ ጥርት ብሎ ካልታየና በአንድ ጎን ጭራ ካወጣ ስኮፑ አንድ ቀን ወድቆ ሊሆን ይችላል።

አምስተኛ፣ የዓይን ሌንሱ አብሮ መኖሩን ማረጋገጥ። በብዙ ስኮፖች ላይ የዓይን ሌንሱ ለብቻው የሚሸጥ ሲሆን የአንዱ ፋብሪካ በሌላው ላይ አይገጥምም። ምርቱ የቆመ ስኮፕ ያለ ዓይን ሌንስ ቢገዙት የሚገጥመውን ማግኘት ብርቱ ድካም ይሆናል።

ለዘመድ የሚላክ መልእክት

በአገራችን እንዲህ ያለው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በዓረብ አገሮች፣ በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ በሚኖሩ ዘመዶች በኩል ነው። ገዢው ሌላ፣ ተጠቃሚው ሌላ ይሆናል ማለት ነው። ስለሆነም «ደህና መነጽር ግዛልኝ» ብሎ መላክ በቂ አይደለም። የሌንሱ ስፋት፣ የማጉላት መጠኑና ከላይ የዘረዘርናቸው አምስት ፍተሻዎች ተጽፈው ቢላኩ ወንድምም እህትም በከንቱ አይደክሙም። ሩቅ ማሳያ መሣሪያዎች በጉምሩክ ሊያስጠይቁ ስለሚችሉ መንገደኛው ከመነሳቱ በፊት ደንቡን ጠይቆ ቢያውቅና ደረሰኙን ቢይዝ መልካም ነው።

ስለ ቅርጹም እንንገር። ስኮፕ ቀጥ ያለ ወይም የዓይን ሌንሱ ወደ ላይ ዘንበል ያለ ይሆናል። ለቤተሰብ የምንመርጠው ዘንበል ያለውን ነው። በልጁ ቁመት ልክ ከቆመ ታላላቆቹ ጎንበስ ብለው ያያሉ፤ በየተራው ማቆሚያውን ከፍ ዝቅ ማድረግ አያስፈልግም። መነጽር የሚያደርጉ ወላጆች ካሉ ደግሞ ዓይን ከሌንሱ ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር ርቆ ምስሉ ሙሉ ሆኖ መታየቱ ይረጋገጥ።

ማቆሚያውን መናቅ አይገባም። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የሳነቴ አምባ ነፋሱ ብርቱ ነው። በሚወዛወዝ ማቆሚያ ላይ የተቀመጠ ምርጥ ስኮፕ ከደካማው አይሻልም። ከበጀቱ ላይ ለጠንካራ ማቆሚያ የሚሆን አስቀድሞ መቀነስ ብልህነት ነው። ነፋስ ሲበረታ ከማቆሚያው መሐል ቦርሳ ማንጠልጠል ይጠቅማል።

አጠቃቀሙ

በአቢያታ ሐይቅ ዳርቻም ሆነ በሌላ ቆላማ ሥፍራ ረፋዱ ላይ መሬቱ ሲሞቅ አየሩ ይርገበገባል። ያን ጊዜ ጥፋቱ የስኮፑ ስላልሆነ ማጉላቱን ወደ 20 ወይም 30 መመለስ፣ ከተቻለም በማለዳ መሄድ ነው። ሌንሱን በልብስ ጫፍ መጥረግ አቧራውን አሸዋ ወረቀት ያደርገዋል፤ አስቀድሞ በብሩሽ ማራገፍ ይገባል። ከሁሉ በላይ ልጆች በስኮፕ ወደ ፀሐይ እንዳያዩ አጥብቀን እናሳስባለን፤ በቅጽበት ዓይን ያጠፋል።

አንድ ቤተሰብ ብቻውን የማይችለውን ሁለት ሦስት ጎረቤታሞች አዋጥተው ሊገዙት ይችላሉ። በጎባ፣ በዲንሾ ወይም በደባርቅ ለሚኖር፣ እንግዳ እያስጎበኘ ለሚተዳደር ወጣት ደግሞ ስኮፕ የሥራ መሣሪያ ነው። እንግዳው ከመንገዱ ሳይወጣ ቀበሮውን ሲያድን ካሳየው ሁለቱም ተጠቅመዋል፤ ቀበሮውም ምሳውን በሰላም በልቷል።