የውሃ አውሮፕላንና የሃንጋር በር

የውሃ አውሮፕላን በጎማ ምትክ ታንኳ በሚመስሉ ሁለት ተንሳፋፊ አካላት ከውሃ ላይ የሚነሣና በውሃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን ነው። ሃንጋር ደግሞ አውሮፕላን ከፀሐይ፣ ከነፋስና ከበረዶ ተጠልሎ የሚቆምበትና የሚጠገንበት ሰፊ አዳራሽ ነው። በሩ ዝቅተኛ ወይም ጠባብ ሲሆን በጥቂት ሴንቲሜትር ስሕተት ክንፍ ወይም ጅራት ሊጎዳ ይችላል። የተጎዳው አካል ሳይመረመር መብረር አደገኛ ስለሆነ ልኬቱ የሚሠራው አውሮፕላኑ ከመንቀሳቀሱ በፊት ነው።

ልኬት

ሦስት ነገሮች ይለካሉ፤ እነሱም የክንፍ ስፋት፣ ርዝመትና ከፍተኛው ነጥብ ናቸው። የውሃ አውሮፕላን በየብስ ላይ የሚንቀሳቀሰው በጋሪ ተጭኖ ስለሆነ፣ የተንሳፋፊዎቹና የጋሪው ቁመት በአውሮፕላኑ ላይ ይደመራል። ስለዚህ በጎማው በቀላሉ የሚገባ አውሮፕላን ተንሳፋፊ ሲገጠምለት በዚያው በር ላያልፍ ይችላል።

ከበሩ በኩል የሚለካው ከወለሉ እስከ ጉበኑ ዝቅተኛ ቦታ፣ እንዲሁም ከመቃን እስከ መቃን ያለው ርቀት ነው። የበር ሐዲድ፣ መብራትና የውስጥ ወራጅ እንጨትም ይታያሉ። በሰሜን ሸዋ በጣርማበር ዋሻ የሚያልፍ የጭነት መኪናም ሕጉ ያው ነው፤ የጭነቱ ከፍተኛ ነጥብ ከዋሻው ዝቅተኛ ነጥብ ጋር ይነጻጸራል።

ጅራትን ዝቅ ማድረግ

ጋሪው ባለ አንድ አክሰል ከሆነ አውሮፕላኑን እንደ ሚዛን ማዘንበል ይቻላል። ለምሳሌ የበሩ ቁመት 3.60 ሜትር፣ የጅራቱ ጫፍ 3.70 ሜትር ቢሆን በቀጥታ አያልፍም። ጅራቱ ከአክሰሉ 5 ሜትር ወደ ኋላ ቢርቅና አውሮፕላኑ 3 ዲግሪ ቢያዘነብል፣ ጅራቱ 26 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ቁመቱ 3.44 ሜትር ስለሚሆን 16 ሴንቲሜትር ክፍተት ይተርፋል።

ሆኖም አንዱ ወገን ሲወርድ ሌላው ይወጣል። ከአክሰሉ 2 ሜትር ወደ ፊት ያለ ፕሮፔለር በዚያው ማዘንበል 10 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ይላል። ባለ ሁለት ምላጭ ፕሮፔለር አግድም ቢዞር ከፍታው ይቀንሳል። ጅራቱን ለመጫን አምራቹ ከፈቀደው ቦታ ውጭ መግፋት አይገባም፤ የጅራት ክንፎች ስስ ስለሆኑ ይጎዳሉ።

ጠባብ በር

ክንፉ ከበሩ ሲሰፋ አንደኛው መፍትሔ አንዱን ክንፍ አስቀድሞ አስገብቶ አውሮፕላኑን ቀስ እያሉ ማዞር ነው። ይህም ውስጡ ጥልቅ የሆነ ሃንጋር ይፈልጋል። ሌላው ክንፉን ማጠፍ ነው። የእንግሊዙ ዴ ሃቪላንድ ሞዝ ክንፉ ሲዘረጋ 9 ሜትር ገደማ፣ ወደ ኋላ ሲታጠፍ 3 ሜትር ገደማ ነበር። ይህ ዓይነት አውሮፕላን በተንሳፋፊም ይበር ነበር። አንድ ጂፕሲ ሞዝ ከ1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል በፊት ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ በዓሉ ሊደርስ ሲል ወድቆ ተሰባብሯል።

በኢትዮጵያ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ የውሃ አውሮፕላን የሚያርፍበት ሰፊ ሐይቅ የለም። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየር እፍጋት ከባሕር ወለል በሩብ ያህል ስለሚቀንስ ሞተርም ክንፍም ይደክማሉ። በአማራ ክልል ሰፊው ውሃ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የጣና ሐይቅ ሲሆን፣ በዚያም እፍጋቱ በ16 በመቶ ያህል ያንሳል።

በ1928 ዓ.ም. በጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር መሪነት በኢትዮጵያ የተሠራችው «ፀሐይ» አውሮፕላን በጣሊያን ወረራ ተወስዳ ለብዙ ዓመታት በቪኛ ዲ ቫሌ ሙዚየም ቆይታለች። ሙዚየሙ በብራቻኖ ሐይቅ ዳር በቀድሞ የውሃ አውሮፕላኖች ጣቢያ ላይ ይገኛል። ፀሐይ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች።